ገንቢው ምግብ በጣና ዳርቻ፦ ከደቅ ታንኳ እስከ ኅብረት ሥራው መጋዘን

ከባሕር ዳር ተነስቶ ወደ ጎርጎራ የሚያቀናው ጀልባ በጉዞው ላይ ከሚያርፍባቸው ወደቦች አንዱ ደቅ ነው። ደቅ በጣና ሐይቅ ካሉት ደሴቶች ሁሉ ትልቁ ሲሆን፣ በምዕራብ ዳርቻው እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያሠሩት ናርጋ ሥላሴ፣ ከአጠገቡ ደግሞ የነገሥታት አፅም ያረፈበት ዳጋ እስጢፋኖስ ይገኛሉ። የደቅ ነዋሪ በየብስ ገበሬ፣ በውኃ ዓሣ አጥማጅ ነው። ማሳው እህልና ጥራጥሬ ያበቅላል፣ ሐይቁም ዓሣ ይሰጣል። ከደሴቱ ባሻገር የተዘረጉት የፎገራና የደምቢያ ሜዳዎች በሽምብራ፣ በጓያና በወተት ላሞቻቸው ስማቸው የታወቀ ነው። የሜጫና የአካባቢው ገበሬም ግብጦ በማምረት ይታወቃል።

እንደሚታወቀው በየጤና ጣቢያው ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው ሥዕል ምግብን በሦስት ይከፍላል፤ ኃይል ሰጪ፣ ገንቢ እና በሽታ ተከላካይ በማለት። ከላይ የተዘረዘሩት ዓሣ፣ ወተት፣ ሽምብራ፣ ጓያና ግብጦ ሁሉም ገንቢ ከሚባለው ማለትም ፕሮቲን ከሚበዛበት ወገን ናቸው። የጣና ዙሪያ ገበሬ ገንቢ ምግብ በማምረት አይታማም። ይሁን እንጂ በብሔራዊው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በአማራ ክልል ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች ከሆኑ ሕፃናት መካከል በ2003 ዓ.ም. 52 በመቶ፣ በ2008 ዓ.ም. 46 በመቶ፣ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ 41 በመቶ የሚሆኑት የቀነጨሩ፣ ማለትም ለዕድሜያቸው የሚገባውን ቁመት ያላገኙ ነበሩ። ቁጥሩ እየቀነሰ መምጣቱ የሚያበረታታ ቢሆንም በ2011 ዓ.ም. እንኳ ከ10 ሕፃናት 4ቱ ሳይቀነጭሩ አልቀሩም።

አምራቹ ባለበት አገር የአምራቹ ልጅ ለምን ይቀነጭራል? ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመስጠት የገንቢ ምግብን ታሪክ በዓለም፣ በአገርና በጣና ዳርቻ መለስ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። ታሪኩ ደግሞ ደጋግሞ የሚያሳየው አንድ ነገር ነው። ገንቢ ምግብ ጥቅም የሚሰጠው ብቻውን በመመረቱ ወይም ብቻውን በመበላቱ ሳይሆን፣ ከሌላው ምግብ ጋር ተሰባጥሮ ከሚያስፈልገው ሰው ሳህን ሲደርስ ነው።

ፕሮቲን የሚለው ስም እንዴት መጣ?

ፕሮቲን የሚለው ቃል በሳይንስ ጽሑፍ የወጣው በ1838 እ.ኤ.አ. ነው። ቃሉን የተጠቀመበት ሆላንዳዊው የኬሚስትሪ ሊቅ ገርሪት ያን ሙልደር ሲሆን ስሙን ያቀበለው ስዊድናዊው ያኮብ ቤርሴሊየስ ነበር። ምንጩ የግሪክ ቃል ሆኖ "ቀዳሚ" ወይም "የመጀመሪያ ደረጃ" የሚል ትርጉም አለው። ስሙ እንደሚያመለክተው ጡንቻ፣ ቆዳ፣ ፀጉር፣ ደም፣ በሽታን የሚከላከለው የሰውነት ኃይልና ምግብ የሚፈጩት ኢንዛይሞች ሁሉ ከፕሮቲን የተሠሩ ናቸው።

ከዚያ ወዲህ በተደረገው ምርምር ፕሮቲን አሚኖ አሲድ ከሚባሉ 20 ያህል ጥቃቅን ክፍሎች የተገነባ መሆኑ ታወቀ። ግንበኛ ቤት ሲሠራ ድንጋዩ፣ እንጨቱና ጭቃው ሁሉ ሊሟላለት እንደሚገባ፣ ሰውነትም ሥጋውን ሲገነባ ሁሉም አሚኖ አሲዶች በአንድነት ያስፈልጉታል። ከእነዚህ መካከል 9ኙን ሰውነት ራሱ ሊሠራቸው ስለማይችል ከምግብ ማግኘት የግድ ነው። እንቁላል፣ ወተት፣ ሥጋና ዓሣ 9ኙንም አሟልተው ይይዛሉ። ጤፍ፣ በቆሎ፣ ዳጉሳና ሩዝ ላይሲን የሚባለው ያንሳቸዋል። ባቄላ፣ ሽምብራና አተር ደግሞ ላይሲን የበዛላቸው ሆነው ሜታዮኒን የሚባለው ይጎድላቸዋል። ስለሆነም እህልና ጥራጥሬ በአንድ ማዕድ ሲቀርቡ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል። የኢትዮጵያ እናቶች ላይሲንና ሜታዮኒን የሚሉ ስሞች ከመሰማታቸው በፊት እንጀራን በሽሮ ሲያቀርቡ የኖሩት ይህንኑ ነው።

ስለ መጠኑም አጭር ማብራሪያ ያስፈልጋል። የዓለም ጤና ድርጅትና የምግብና እርሻ ድርጅት በ2007 እ.ኤ.አ. ባወጡት መመሪያ መሠረት ለአዋቂ ሰው በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ግራም ክብደቱ 0.83 ግራም ፕሮቲን ይበቃዋል። ይህም 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 50 ግራም ያህል ማለት ነው። 100 ግራም የጤፍ ዱቄት 10 ግራም ገደማ፣ 100 ግራም ሽምብራ 20 ግራም ገደማ፣ 100 ግራም ትኩስ የዓሣ ሥጋ ከ18 እስከ 20 ግራም፣ አንድ እንቁላል 6 ግራም ያህል ፕሮቲን አላቸው። በመሆኑም እንጀራውን በሽሮ ጠግቦ የሚበላ ጎልማሳ የሚፈልገውን ፕሮቲን ያገኛል። ችግሩ የሚከፋው በሕፃኑ ላይ ነው። የሕፃን ሆድ ትንሽ ስለሆነች ቀጭን አጥሚት ስትሞላ የምትይዘው አብዛኛው ውኃ ነው። በዚያ ላይ ምግቡ ኃይል ሰጪ ከጎደለው ሰውነቱ ያገኛትን ጥቂት ፕሮቲን ለግንባታ ማዋሉን ትቶ እንደ ማገዶ ያነዳታል።

የጥንቱ ማዕድ በሐይቁ ዙሪያ

የጣና ሰው ዓሣን ሲያጠምድ የኖረው ከደንገል በሚሠራ ታንኳ ነው። በታንኳ ሥራና በዓሣ ማጥመድ ስማቸው ከሁሉ ቀድሞ የሚነሳው ወይጦዎች ናቸው። በ1770 እ.ኤ.አ. ወደ ጎንደር የመጣው ስኮትላንዳዊ ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ስለ እነርሱ ጽፏል። ወይጦዎች የጉማሬ ሥጋና አምባዛ ይበሉ ስለነበር ጎረቤቶቻቸው አብረዋቸው ማዕድ ሳይቀርቡ ኖረዋል። ሐይቁ የሚሰጠውን ገንቢ ምግብ ከማንም በላይ የሚያውቀው ወገን በሚበላው ምግብ ምክንያት መገለሉ በጣና ታሪክ ውስጥ ሊታሰብበት የሚገባ ጉዳይ ነው።

በሐይቁ ገበያ ዋና ዋናዎቹ ዓሦች ቀረሶ፣ አምባዛ እና ነጭ ዓሣ ይባላሉ። አምባዛ ቅርፊት ስለሌለው ብዙዎች አይበሉትም ነበር። ነጭ ዓሣ የሚባለው ወገን በሳይንቲስቶች ዘንድ የተለየ ስፍራ አለው። ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል በ1830ዎቹ እ.ኤ.አ. ከጣና ወስዶ ከመዘገባቸው ዓሦች የተጀመረው ጥናት፣ በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ ነጭ ዓሣ 15 ያህል ዝርያዎች ያሉት መሆኑን አሳይቷል። አብዛኞቹም ከጣና በስተቀር በዓለም ላይ በሌላ ስፍራ አይገኙም።

ያም ሆኖ ዓሣ ከሐይቁ ርቆ የሚኖረው ገበሬ የዘወትር ምግብ አልነበረም። ታንኳ ከዳርቻ ብዙ አይርቅም፣ ዓሣም ሳይበላሽ ሩቅ ገበያ አይደርስም። የደጋው ገበሬ ገንቢ ምግብ በዋናነት ጥራጥሬ ነበር። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሥርዓት ምእመናን በዓመት ከ180 ቀናት በላይ ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል ይጾማሉ። በእነዚህ ቀናት ሽሮና ክክ የቤቱ ምሰሶ ናቸው። ግብጦም የራሱ ጥበብ ያለው ሰብል ነው። ፕሮቲኑ ከአብዛኛው ጥራጥሬ የሚበልጥ ሲሆን መራራነቱ ግን እንዲሁ አያስበላውም። ስለሆነም ገበሬው ቆልቶ ለቀናት በውኃ እየዘፈዘፈ መርዙን አውጥቶ ይበላዋል። እንዲህ ያለው እውቀት በትምህርት ቤት ሳይሆን በጓዳ ከእናት ወደ ልጅ ሲተላለፍ የኖረ ነው።

ዘመነ ፋፋ

በዓለም ደረጃ የፕሮቲን እጥረት ትልቅ መነጋገሪያ የሆነው ከ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነው። ሲሲሊ ዊሊያምስ የምትባል ሐኪም በዛሬዋ ጋና ሆና እግራቸው ያበጠ፣ ፀጉራቸው የሳሳና ቆዳቸው የተላላጠ ሕፃናትን አየች። በ1933 እ.ኤ.አ. ስለ በሽታው ጻፈች፤ በ1935 ደግሞ በአካባቢው ሰዎች አጠራር ክዋሽዮርኮር አለችው። ትርጉሙም ታናሽ ሲወለድ ከጡት የተነሳ ልጅ የሚይዘው በሽታ ማለት ነው። ይህ ሁኔታ ለኢትዮጵያውያን እናቶችም እንግዳ አይደለም። በቀጣዮቹ ዓመታት የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች የድሃ አገሮች ዋናው የምግብ ችግር የፕሮቲን ጉድለት ነው ወደሚል መደምደሚያ አዘነበሉ።

በኢትዮጵያም በ1958 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ባለሙያዎች ትብብር አገር አቀፍ የሥነ ምግብ ጥናት ተካሄደ። በ1962 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት ስምምነት የሕፃናት ሥነ ምግብ ክፍል ተቋቋመ። ክፍሉ በ1968 እ.ኤ.አ. አድጎ የኢትዮጵያ ሥነ ምግብ ኢንስቲትዩት ሆነ። በዚያው ዓመት የኢትዮጵያ ምግቦች ይዘት ሠንጠረዥ ታትሞ ጤፉም፣ ዳጉሳውም፣ ጓያውም ምን ያህል ፕሮቲን እንዳለው በቁጥር ታወቀ። የዚህ ተቋም ሥራ በሕዝብ ዘንድ ይበልጥ የታወቀው ግን ፋፋ በተባለው የሕፃናት ምግብ ነው። ስንዴን ከጥራጥሬና ቅባቱ ከወጣለት የወተት ዱቄት ጋር ቀላቅሎ ቫይታሚንና ማዕድን የጨመረ ዱቄት ነበር። ስሙም ልጅ እንዲፋፋ ከመመኘት የወጣ በመሆኑ በሕዝብ አፍ ላይ ቀርቷል።

ነገር ግን በዓለም ላይ ክርክር ተነሳ። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ሕንዳዊው ሐኪም ጎፓላን የደረቀ ሰውነት ያለውና እግሩ ያበጠ ሕፃን የሚመገቡት ምግብ በዓይነቱ ያን ያህል እንደማይለያይ አሳየ። በ1974 እ.ኤ.አ. ዶናልድ ማክላረን ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የፕሮቲኑን ዘመቻ ትልቅ ውድቀት ሲል ተቸው። የሕፃናቱ ችግር አንድ ንጥረ ነገር ሳይሆን አጠቃላይ የምግብ ማነስና በሽታ ነው በማለት ተከራከረ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት የፕሮቲን ነገር ችላ ተባለ። ይሁን እንጂ በ2016 እ.ኤ.አ. በማላዊ የተደረገ ጥናት የቀነጨሩ ሕፃናት በደማቸው ውስጥ ያሉት አስፈላጊ አሚኖ አሲዶች ካልቀነጨሩት ያነሱ መሆናቸውን ስላሳየ ጉዳዩ እንደገና ትኩረት አግኝቷል። ከዚህ ሁሉ ክርክር የተረፈው ቁም ነገር ፕሮቲን ብቻውን መድኃኒት አይደለም፣ ያለ ፕሮቲንም ልጅ አያድግም የሚል ነው። ፋፋም ያስመሰከረው ይህንኑ ነው፤ ዋናው ጥበቡ ስብጥሩ ነበርና።

የጓያው ትምህርት

ስብጥር ሲጠፋ ምን እንደሚከተል የጣና ዳርቻ ራሱ በመራራ መንገድ ተምሮታል። ጓያ ድርቅንም፣ ውኃ የሚቋጥር ጥቁር አፈርንም ይችላል። ወጪ አይጠይቅም፤ ሌላው ሰብል ሲከሽፍ እርሱ ይቆማል። የፕሮቲኑም መጠን ከባቄላ የማይተናነስ ሲሆን ከአንድ አራተኛ ይበልጣል። በወረቀት ላይ ሲታይ ለችግር ቀን የተሰጠ ገንቢ ምግብ ነው።

ሆኖም በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ በደምቢያና በፎገራ ብዙ ሰዎች እግራቸው እየተሳሰረ በምርኩዝ ወደ መሄድ፣ አንዳንዶቹም ወደ መዳህ ደረሱ። የሥነ ምግብ ባለሙያዎች በስፍራው ተገኝተው ያደረጉት ምርመራ በ1978 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት ላይ ወጣ። ምክንያቱ ጓያ ውስጥ የሚገኝ ነርቭን የሚጎዳ ንጥረ ነገር ነበር። በኋላም የነርቭ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በሰሜን ምዕራብና በመካከለኛው ደጋ ባካሄዱት ጥናት፣ ጓያ በሚመረትባቸው አካባቢዎች በአማካይ ከ1000 ሰዎች 6 ያህሉ በዚህ ሽባነት የተጠቁ መሆናቸውን በ1990 እ.ኤ.አ. አሳወቁ። ይበልጥ የሚጎዱት ደግሞ የቤቱ ጉልበት የሆኑት ወጣት ወንዶች ነበሩ። ጉዳቱ አንዴ ከደረሰ አይመለስም።

ጓያ በሽሮ መልክ በየቤቱ ሲበላ የኖረ ሆኖ ሳለ በአንዳንድ ዓመት ብቻ ሰው የሚጥልበት ምክንያት ምንድን ነው? መልሱ የተገኘው በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. በወሎ ደላንታና ዳውንት በድርቅ ጊዜ ከተከሰተው ተመሳሳይ ወረርሽኝ ነው። በዚያ ላይ ተመሥርቶ በ2003 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናት፣ ጓያን በንፍሮ፣ በቆሎና በእሸት መልክ መብላት ለአደጋው እንደሚያጋልጥ፣ ከእህል ጋር ተቀላቅሎና ሽንኩርትና ቅመም በገባበት ወጥ ሲበላ ግን አደጋው እንደሚቀንስ አመለከተ። ጓያ የሚጎድለውን ሜታዮኒንና መሰል አሚኖ አሲድ እህሉ ይሞላለታል። በደጉ ዘመን ገበሬው እህልም ጥራጥሬም ስለነበረው ጓያው አልጎዳውም። በክፉ ዘመን ጎተራው ውስጥ ጓያ ብቻ ሲቀር ያው ገንቢ ምግብ ጎጂ ሆነ። በመሆኑም የእርሻ ምርምሩ በ2006 እ.ኤ.አ. መርዙ ያነሰ ዋሴ የተባለ ዝርያ ቢለቅም፣ ከዝርያው እኩል የሚያስፈልገው በችግር ጊዜ እህል ከጓያው ጋር እንዲገኝ ማድረግ ነው። እህል ለክፉ ቀን የሚያስቀምጥ የኅብረት ሥራ መጋዘንም በዚህ ረገድ ከገበያ ተቋምነቱ ባሻገር የጤና ተቋም ነው።

ሞተር ጀልባና ናይሎን መረብ

በ1986 እ.ኤ.አ. በጣና አዲስ ምዕራፍ ተከፈተ። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን የልማት ክንፍ አነሳሽነትና ከሆላንድ የዓሣ አጥማጆች ከተማ ከኡርክ በመጣ ድጋፍ፣ ከግብርና ሚኒስቴር ጋር በመተባበር የጣና ሐይቅ ዓሣ ሀብት ልማት ፕሮግራም ተጀመረ። ሞተር ጀልባና ናይሎን መረብ ገቡ፤ ታንኳ የማይደርስበት ጥልቁ ውኃ ተደፈረ። የንግድ ዓሣ ማጥመድ ምርት በ1987 እ.ኤ.አ. ከነበረበት 39 ቶን በ1997 ወደ 360 ቶን አደገ። አጥማጆች በማኅበር ተደራጁ፤ ባሕር ዳርም በዓሣዋ ታወቀች። በተለይ በዐቢይ ጾም ወቅት የዓሣ ተፈላጊነት ከፍ ይላል።

ዕድገቱ ግን ዋጋ አስከፍሏል። ነጭ ዓሣ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ እንቁላሉን ለመጣል ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብ፣ ወደ መገጭና ወደ ግልገል ዓባይ ወንዞች ይወጣል። በዚያ ወቅት በየወንዙ አፍ ተሰብስቦ ስለሚገኝ መረብ የዘረጋ ሁሉ በቀላሉ ያፍሰዋል። በላይኛው የወንዙ ክፍል ደግሞ ብርብራ ፈጭቶ ውኃው ውስጥ በመጨመር ዓሣውን ከነልጁ የሚያሰክር አልጠፋም። ተመራማሪዎች በ2004 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ከ1991 እስከ 2001 እ.ኤ.አ. ባሉት 10 ዓመታት የነጭ ዓሣ ሀብት በሦስት አራተኛ ገደማ፣ ገና ያልደረሰው ወጣት ዓሣ ደግሞ በ90 በመቶ ገደማ መቀነሱን አሳውቀዋል። የፌዴራሉ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 የወጣውም በዚሁ ዘመን ነው። ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ እምቦጭ ወደ ሐይቁ ገብቶ ለዓሣው መራቢያ የሆነውን ዳርቻ ማልበስ ጀመረ። ዩኔስኮ በ2007 ዓ.ም. ጣናን በባዮስፌር ሪዘርቭነት መመዝገቡ ለጥበቃው ተጨማሪ ኃላፊነት ሰጥቷል።

ከዚህም ሌላ ዓሣው ሲበዛ ወዴት ሄደ የሚለው ጥያቄ አለ። ብዙው ወደ ከተማ ሆቴሎች ሲጓዝ፣ ፀሐይ ላይ ደርቆ ቋንጣ የሆነውም በመተማ በኩል ወደ ሱዳን ሲላክ ቆይቷል። ገቢው ለአጥማጁ ጠቅሞታል። ነገር ግን ዓሣው ተሽጦ የተገኘው ገንዘብ ለልጁ ምግብ ካልተመለሰ፣ ሐይቁ ተመናምኖ ልጁም ሳይፋፋ ይቀራል። በዓለም ላይ አንድ ሰው በዓመት በአማካይ 20 ኪሎ ግራም ያህል ዓሣ ሲመገብ የኢትዮጵያዊው ድርሻ ከአንድ ኪሎ ግራም እንኳ በታች ሆኖ ቆይቷል።

የጅግና ሩዝ

የኅብረት ሥራ ማኅበራት በአካባቢው የምግብ ታሪክ ውስጥ ያላቸው ስፍራ ትንሽ አይደለም። ለዚህ ምስክር የሚሆነው የፎገራ ሩዝ ነው። በደርግ ዘመን የሰሜን ኮርያ ባለሙያዎች በፎገራ ሜዳ በጅግናና በሻጋ አምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ሩዝ አስጀመሩ። ማኅበራቱ ቢፈርሱም ሩዙ ቀረ። በሰፊው የተዘራውም ዝርያ ኤክስ ጅግና እየተባለ የዚያን ማኅበር ስም ይዞ ኖሯል። ክረምት በውኃ ይጥለቀለቅ የነበረው ሜዳ የሩዝ አገር ሆነ፤ የገበሬውም ገቢ ከፍ አለ። የሩዝ ዱቄት ከጤፍ ጋር ተቀላቅሎ እንጀራ መጋገሩም ተለመደ።

ይሁንና የተፈተገ ሩዝ ከ100 ግራም 7 ግራም ያህል ፕሮቲን ብቻ ስላለው ከጤፍ ያነሰ ነው። ሩዝ ኃይል ሰጪ እንጂ ገንቢ ስላልሆነ አጃቢ ይፈልጋል። እዚህ ላይ የፎገራ ገበሬ ያገኘው ዘዴ የሚመሰገን ነው። ሩዙ እንደተሰበሰበ በመሬቱ በቀረው እርጥበት ሽምብራና ጓያ ይዘራል። በአንድ ማሳ፣ በአንድ ዓመት፣ ኃይል ሰጪውና ገንቢው ተከታትለው ይመረታሉ። ማሳው ላይ የተገናኙት ሁለቱ ሰብሎች ግን በማዕድም ላይ ሊገናኙ ይገባል። ሽምብራው በሙሉ ለነጋዴ ተሸጦ ቤት የሚቀረው ሩዝ ብቻ ከሆነ የተገኘው ጥቅም ግማሽ ነው።

ከመጋዘን እስከ ሕፃኑ ሳህን

ከዚህ ታሪክ የሚወጣው ትምህርት ለዛሬው የኅብረት ሥራ አባልም፣ ለቀበሌና ለወረዳ አመራሩም የሚጠቅም ነው። መንግሥት በ2007 ዓ.ም. በሰቆጣ ቃል ኪዳን የሕፃናትን መቀንጨር እስከ 2030 እ.ኤ.አ. ለማስወገድ ቃል ገብቷል። ቃሉ የሚፈጸመው ግን በአዳራሽ ሳይሆን በየቤቱ ምድጃ ዙሪያ ነው። የኅብረት ሥራ ማኅበራትን እንደገና ያቋቋመው አዋጅ ቁጥር 147/1991ም ሆነ በኋላ የተተካው አዋጅ ቁጥር 985/2009 ማኅበራት የአባላትን ኢኮኖሚያዊና ማኅበራዊ ችግር በጋራ እንዲፈቱ ነው የሚጠይቁት። የአባል ልጅ አለመቀንጨር ከዚህ የሚበልጥ ማኅበራዊ ጉዳይ የለም።

በመጀመሪያ፣ በምርት ወቅት ጥራጥሬው ሁሉ ወደ ገበያ እንዳይወጣ ለቤት ፍጆታና ለክፉ ቀን የሚሆነውን ማስቀረት ይገባል። ዋጋ በወደቀበት በጥር ተሽጦ በክረምት በእጥፍ የሚገዛ ሽምብራ አባሉን ሁለት ጊዜ ይጎዳዋል፤ አንድም በኪሱ፣ አንድም በልጁ ጤና።

ሁለተኛ፣ ልጅ 6 ወር ሲሞላው ጡቱ ሳይቋረጥ ከሚሰጠው ተጨማሪ ምግብ ጋር የፋፋን ጥበብ በቤት መድገም ይቻላል። ሦስት እጅ እህልና አንድ እጅ ጥራጥሬ ታጥቦ፣ ተቆልቶ፣ በአንድነት ተፈጭቶ ወፍራም ገንፎ ሲሠራና እንቁላል፣ ወተት ወይም አጥንቱ በጥንቃቄ የወጣለት ዓሣ ሲታከልበት የሕፃኑ ትንሽ ሆድ በሚገነባው ምግብ ይሞላል። ወፍጮ ያላቸው ማኅበራት ይህን ድብልቅ አዘጋጅተው በአባላት ሱቅ ቢያቀርቡ ለእናቶች ድካም ያቀልላሉ።

ሦስተኛ፣ በጾም ወቅት ብዙ እናቶች ዕቃው እንዳይነካካባቸው ሲሉ ለሕፃን እንኳ እንቁላልና ወተት ከማዘጋጀት ይቆጠባሉ። ከ7 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ጾም የሌለባቸው በመሆኑ ለሕፃኑ የተለየ ድስትና ሳህን ማዘጋጀት ሥርዓቱንም ልጁንም ይጠብቃል። በዚህ ላይ የንስሐ አባቶች የሚሰጡት ምክር ከማንኛውም ፖስተር የበለጠ ይሰማል።

አራተኛ፣ የዓሣ አጥማጆች ማኅበራት በመራቢያ ወራት ከወንዝ አፍ ላይ መረባቸውን ማንሳት፣ የመረባቸውን ዓይን ማስፋትና ብርብራን መከልከል ይኖርባቸዋል። ሌላው ካጠመደ እኔ ለምን እቀራለሁ የሚለውን ሰበብ ሊሽር የሚችለው የጋራ ሕግና የጋራ ቁጥጥር ነው። ለዚህም ከማኅበር የተሻለ መሣሪያ የለም።

አበው "ጎመን በጤና" ሲሉ የሰላምና የጤናን ዋጋ መንገራቸው ነው። የጣና ዙሪያ ሰው ግን ከጎመኑ ጋር ሽምብራም፣ ዓሣም፣ ወተትም አለው። ከደቅ በታንኳ የሚወጣው ዓሣና ከፎገራ በጆንያ የሚጫነው ሽምብራ ወደ ሩቅ ገበያ ቢሄዱ የሚጠላ አይደለም፤ አገር የሚያድገው በንግድ ነውና። ነገር ግን ከመሸጣቸው በፊት በቅርቡ ያለው ገበያ፣ ማለትም የአምራቹ ልጅ ሳህን፣ ድርሻውን ሊያገኝ ይገባል። የማኅበራት ዓመታዊ ሪፖርት ስንት ኩንታል ተገዛ፣ ስንት ኩንታል ተሸጠ ብሎ ሲቆጥር ከአባላት ልጆች ስንቱ ሳይቀነጭሩ አደጉ የሚለውንም ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ጋር ተባብሮ ቢመዘግብ፣ ለመጪው ክብረ በዓል ከማንኛውም ትርፍ የበለጠ የሚያኮራ ቁጥር ይሆናል።